ገዳዩን ካወቅን በኋላ

የወንጀል ልብ ወለድ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሶ ገዳዩ ሲታወቅ፣ ለብዙ አንባቢ መጽሐፉ አለቀ ማለት ነው። ለወዳጅ ይዋሳል፤ አለዚያም መደርደሪያ ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል። እኔ ግን በዚያችው ሰዓት፣ ሞቅታው ሳይበርድ፣ ወደ ምዕራፍ አንድ መመለስ ይገባል ባይ ነኝ። ሙሉውን ለማንበብ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ገጾች ይበቃሉ። ደራሲው እነዚያን ገጾች ሲጽፍ አንድ ከባድ ሥራ ነበረበት፦ እውነቱን ለአንባቢ መንገር፣ ግን እንዳይሰማ አድርጎ መንገር። እንዴት እንደተወጣው የሚታየው እውነቱ ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ አንቀጽ እናስብ፦

«ጠረጴዛው ላይ የሟቹ መነጽር፣ ያልተጨረሰ ደብዳቤ፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ፣ የታጠፈ ጋዜጣና የክኒን ብልቃጥ ነበር። መርማሪው ብልቃጡን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ከፎቅ የሴት ጩኸት ተሰማ።»

በመጀመሪያው ንባብ ዓይናችን ብልቃጡ ላይ ይቀራል። ዝርዝሩ የተዘጋው በእሱ ነው፤ የመርማሪውም እጅ የተዘረጋው ወደ እሱ ነው። ወዲያው ጩኸቱ ይመጣና ጠረጴዛውን እንዳለ ጥለን ወደ ፎቅ እንሮጣለን። የቤት ሠራተኛዋ ግን ሟቹ ሲያመሽ ብቻውን እንደነበረ ከሦስት ገጽ በፊት ተናግራለች። ብቻውን ላመሸ ሰው ሁለት ብርጭቆ ምን ያደርግለታል? ምስጢሩ ያለው «ሁለት» በምትለው ቃል ውስጥ ነበር፤ ቃሏም የተቀመጠችው ከአምስት ዕቃዎች መካከል ሦስተኛው ላይ፣ የአንባቢ ትኩረት በሚላላበት ቦታ ነው።

ዝርዝር መካከል መደበቅ ከዘዴዎቹ ሁሉ የተለመደው ነው፤ ሌሎችም አሉ። ፍንጩ ማንም በማያምነው ሰው አፍ ይነገራል፦ በሰካራም፣ በሕፃን ልጅ፣ ወይም ወሬ በማብዛት በሚታወቅ ጎረቤት። አንዳንዴ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ምዕራፍ ሁለት፣ ግማሹ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ይቀመጣል፤ አንባቢው ሁለተኛውን ሲያገኝ የመጀመሪያውን ረስቷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፍንጩ የሰው ጠባይ ማሳያ መስሎ ይቀርባል። አንዲት ሴት መነጽሯን የትም እየጣለች የምትፈልግ ዝንጉ ሆና ትሳልና እንስቃለን፤ ኋላ ላይ ግን «በመስኮት አየሁት» ያለችው እሷ መሆኗ፣ ያን ጊዜም መነጽሯ ዓይኗ ላይ አለመኖሩ ነገሩን ይለውጠዋል። በሁለተኛው ንባብ ከየዘዴው አንድ አንድ ምሳሌ ለማግኘት ቢሞከር፣ ጥሩ መጽሐፍ ከሃያ ገጽ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን አያሳጣም።

ሁለተኛው ንባብ ሒሳብ መተሳሰቢያም ነው። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስና የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዘርፍ አሥር ደንቦች አውጥቶ ነበር። አንዱ ወንጀለኛው ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መጠቀስ አለበት ይላል። ሌላው መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ወዲያው ለአንባቢም ማሳየት አለበት የሚል ነው። ከአሥሩ አንዳንዶቹ ዛሬ ጊዜ አልፎባቸዋል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን አላረጁም። ወረቀት ወስዶ ለሁለት መክፈል ነው፦ በአንድ በኩል መርማሪው ያወቀው፣ በሌላው በኩል እኛ ያወቅነው ከነገጹ ቁጥር ይሰፍራል። ወሳኙ ማስረጃ በመርማሪው በኩል ምዕራፍ አራት ላይ፣ በእኛ በኩል ግን መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ብቻ ከተገኘ ደራሲው አጭበርብሯል። ያን መጽሐፍ ሰጥቶ መገላገል ነው፤ ሦስተኛ ንባብ አይገባውም።

በአማርኛ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ቋንቋችን ስለ አንድ ሌላ ሰው ሲተርክ በግሱ ላይ ጾታን ካልገለጸ ዓረፍተ ነገሩን አይዘጋም፤ መጣ ወይም መጣች፣ ከፈተ ወይም ከፈተች ማለት ግድ ነው። ስሙ እንኳ እንግዳው ወይም እንግዳዋ ይሆናል። ይህን ሳይናገር አንድን ሰው በጨለማ ማሳለፍ በሚችል ቋንቋ የተጻፈ የወንጀል ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመጣ፣ ተርጓሚው አንድ ፊደል ቢሳሳት የገዳዩን ማንነት እኩሌታ አሳልፎ ይሰጣል። መውጫ መንገዱ ጥቂት ነው። በአንቱታ መጻፍ ይቻላል፤ «እንግዳ መጡ» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት አይለይም፤ ግን አክብሮቱ ራሱ ዕድሜና ማዕረግ ይጠቁማል። ግሱን ወደ ተደራጊ ማዞርም አለ፦ በሩ ተንኳኳ፣ መሳቢያው ተከፈተ። ከሁሉ የሚያምረው ግን ድርጊቱን ለአካል ወይም ለዕቃ መስጠት ነው፦ «አንድ እጅ መጋረጃውን ገለጠ»፣ «ኮቴ ተሰማ»። እንግዲህ የአማርኛ የወንጀል ልብ ወለድ በድጋሚ ሲነበብ ገዳዩ ሳይታወቅ ያለፈባቸውን ገጾች ፈልጎ ግሶቹን ብቻ ማስመር ነው። ተደራጊ ግስ ድንገት የበዛበት ቦታ ደራሲው የሚደብቀው ነገር አለ።

አንድ የሚያከራክር ጉዳይም አለ። ገዳይዋ ሴት ሆና ሳለ መጽሐፉ ሁሉ «ገዳዩ» እያለ ቢጓዝ ውሸት ነው ወይ? የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ በገጸ ባሕርያቱ አፍ ከሆነ ይፈቀዳል፤ ሰው የማያውቀውን በወንድ መጥራቱ የተለመደ ነው። ተራኪው ራሱ፣ ሁሉን እያወቀ፣ «ገዳዩ በሩን ዘግቶ ወጣ» ካለ ግን ዋሽቷል።

መጨረሻውን ማወቅ ንባብን ይገድላል የሚለው ፍርሃት ሥር የሰደደ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ለአንባቢዎች ሰጥተው፣ ለአንዳንዶቹ መጨረሻውን አስቀድመው ነገሯቸው። በአማካይ ይበልጥ የወደዱት የተነገራቸው ሆኑ። ከዚያ በኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ተቃራኒውን አግኝቷል፤ ስለዚህ በአንድ ጥናት ተማምኖ የሰውን ደስታ ማበላሸት አይገባም። ቢሆንም መጨረሻውን የሚያውቅ አንባቢ ከጉጉት ሌላ የሚይዘው ነገር እንዳለ ጥርጥር የለውም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ፍጻሜውን ሽፋኑ ላይ በሦስት ቃል ተናግሮ ነው የሚጀምረው። ሆኖም በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሲገናኙ ልባችን ይሰቀላል። በመጀመሪያው ንባብ የሚሰቀለው «ይሆንላቸው ይሆን?» በሚል ነው። በሁለተኛው ግን ንግሩን፣ ማለትም ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁመውን ቃል፣ መቁጠር እንጀምራለን፤ የበዛብህ ወላጆች የተሳሉት ስለት ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ እንዴት እየተከተለው እንደሚሄድ ይታየናል። ለወጣት አንባቢ ንግግሩ የሚረዝምበት ጉዱ ካሣም በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ነው፤ የታሪኩ መቆያ መስሎ የነበረው ንግግር፣ ሁለቱን ልጆች የሚለያየውን ሥርዓት ስሙን ጠርቶ የሚከስ ብቸኛ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። መጽሐፉን መጀመሪያ ከሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሰማ ሰው በዓይኑ ሲያነብበው ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል፦ ተራኪው የጨመረውን ድምፅና ደራሲው የጻፉትን ቃል መለየት።

ይህን ሁሉ ሰምና ወርቅ ማለት ይቀናናል። መጀመሪያ ሰሙ፣ ቀጥሎ ወርቁ። ለቅኔ ልክ ነው፤ ለልብ ወለድ ግን ምሳሌው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም ባይ ነኝ። ወርቁ ሲፈስ ሰሙ ቀልጦ ይሄዳል። በድጋሚ ንባብ ግን የመጀመሪያው ስሜት አይቀልጥም፤ ከሁለተኛው ጎን ይቀመጣል። ደስታውም ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዙ ላይ ነው፤ ያን ቀን ምን መስሎን እንደነበረና ዛሬ ምን እንደምናይ።

የፍቅር ልብ ወለድ ይህን ከሁሉ በተሻለ ያሳያል፤ የሚደብቀው ፍንጭ ሳይሆን ፍርድ ስለሆነ። የጄን ኦስተን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ»፣ እ.ኤ.አ. በ1813 የታተመው፣ መካከሉ ላይ የድጋሚ ንባብ ትምህርት ይዟል። ምዕራፍ 35 ላይ ዳርሲ ለኤልዛቤት ረጅም ደብዳቤ ይሰጣታል። ምዕራፍ 36 ላይ እየተጣደፈች፣ አስቀድማ በጠላችው ሰው ላይ የያዘችውን ፍርድ ሳትለቅ ታነብበዋለች፤ ውሸት ነው ብላ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ትዘረጋዋለች። አሁን ዳርሲን ስላማላት ወጣት መኮንን፣ ስለ ዊካም፣ የሚናገረውን ክፍል እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየመዘነች ታነባለች፤ የደብዳቤው ቃል አልተለወጠም፣ ፍርዷ ግን ይገለበጣል። ከዚያ ዊካም በመጀመሪያ ትውውቃቸው ያወራትን ታስታውሳለች። ለማያውቃት ሴት የቤተሰብ ምስጢር መዘርገፉ ነውር እንደነበረ አሁን ገና ይታያታል። ዳርሲን አልሸሸውም ብሎ ፎክሮ፣ ሳምንት ሳይቆይ ከጭፈራው ግብዣ መቅረቱም እንዲሁ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አቁሞ ወደ ምዕራፍ 16 መመለስ ነው። የዊካም ወሬ እዚያው አለ፤ ኦስተን አንድም ቃል አልደበቀችም። እኛም ከኤልዛቤት ጋር ተታለልን፤ የተታለልነው ሰውየው ደግ ፊት ስለነበረውና የሚያማው እኛ የጠላነውን ሰው ስለነበረ ነው። ምዕራፍ 16ን ከምዕራፍ 36 በኋላ ማንበብ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከዚህ መጽሐፍ የሚገኘው ትልቁ ደስታ ያለው በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

አማርኛ ለፍቅር ታሪክ ደግሞ የዛሬው እንግሊዝኛ የሌለው መሣሪያ አለው፤ አንቱታ። ሁለት ሰዎች ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» እና «አንቺ» የሚሻገሩባት ዓረፍተ ነገር አለች። ደራሲው አውቆ ከሠራት አንደኛቸው መጀመሪያ ያመልጠዋል፤ ሌላው ሰምቶ ዝም ይላል ወይም ያርማል። በመጀመሪያው ንባብ ሳናያት እናልፋለን። በሁለተኛው ገጿን ፈልጎ ማግኘት ያስደስታል፤ የፍቅር ኑዛዜው ከዚያ በኋላ ስንት ገጽ ቆይቶ እንደሚመጣ መቁጠርም እንዲሁ። ሲጣሉ ወደ አንቱታ መመለሳቸው ከስድብ የከፋ መሆኑ የሚሰማውም ያኔ ነው። ይህ ሽግግር ያለ ምክንያት አንድ ገጽ ላይ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥበብ ሳይሆን የአርታኢ ቸልታ ነው።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድና ምናባዊ ዓለምን የሚፈጥሩ ታሪኮች በመጀመሪያው ንባብ ጉልበት ይበላሉ። ሃምሳ ስም፣ አዲስ ካርታ፣ አዲስ ሕግ፤ አእምሯችን ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለመያዝ ሲታገል ቋንቋው ሳይታየን ያልፋል። ብዙ ሰው ሰማንያኛው ገጽ አካባቢ የሚያቋርጠውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመጀመሪያው ንባብ የስሞችን ዝርዝር ራስ ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ መተው፣ በሁለተኛው ጊዜ ከእሱ መጀመር። ሸክሙ ሲወርድ ሌላ ጥያቄ ለመጠየቅ ፋታ ይገኛል፦ ይህ ዓለም የቆመበት አንድ ሕግ የትኛው ነው? ደራሲው እሱን ሲጥስ የት ተገኘ?

ከዚያ በፊት ግን ስለየትኛው እትም እንደምናወራ መታወቅ አለበት፤ ይህን የሚያጣራ አንባቢ ጥቂት ነው። የቶልኪን «ዘ ሆቢት» እ.ኤ.አ. በ1937 ሲወጣ ጎለም የተባለው የዋሻ ፍጡር ቀለበቱን ለእንቆቅልሹ አሸናፊ ለመስጠት ከልቡ ተስማምቶ ነበር። ደራሲው የኋለኛውን ትልቅ ሥራውን ሲጽፍ ቀለበቱ እንዲህ በቀላሉ የሚሰጥ ነገር አለመሆኑን ተረዳና በ1951 እትም ምዕራፍ 5ን ለወጠው። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» እ.ኤ.አ. በ1818 ሲታተም ኤልዛቤት የተባለችው ሴት ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለቪክቶር የአክስቱ ልጅ ናት፤ በ1831ዱ እትም ከሌላ ቤት መጥታ ያደገች ባዕድ ሆነች። ዲክንስም «ታላላቅ ተስፋዎች» ለተባለው ልብ ወለዱ መጀመሪያ የጻፈውን አሳዛኝ መጨረሻ በጓደኛው ምክር ለውጦ ነው እ.ኤ.አ. በ1861 ያሳተመው። ሁለት ወዳጆች ስለ አንድ መጽሐፍ ሲከራከሩ ውለው የያዙት ሁለት የተለያየ ታሪክ ሊሆን ይችላል። የእትሙ ዓመት ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ይገኛል፤ መጽሐፉ ትርጉም ከሆነ ደግሞ ከየትኛው እትም እንደተተረጎመ የመቅድሙን መጨረሻ ማየት ነው።

አስፈሪ ታሪክ ለሁለተኛ ጊዜ እንደ መጀመሪያው አያስፈራም፤ ይህን አምኖ መቀበል ይሻላል። በድጋሚ የሚነበበው ፍርሃቱ ከመምጣቱ በፊት ያለው ጸጥታ እንዴት እንደተሠራ ለማየት ነው። ለዚህ አንድ ምዕራፍ ይበቃል።

ስንት ጊዜ ልቆይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ዘርፉ ይለያያል። የወንጀል ታሪክ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ወዲያው። አጭር ልብ ወለድ በዚያው ቀን፣ ሁለተኛውን ጊዜ ድምፅ አውጥቶ፤ ዓይን የሚዘልለውን ቃል ምላስ አይዘልለውም። ረጅም ልብ ወለድ ግን ቢያንስ ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ ይሻላል። በቅርብ ከተመለሱበት ትውስታው ትኩስ ስለሆነ ዓይን ገጹን እየተንሸራተተ ያልፋል፤ ይሰለቻል፤ መጽሐፉ እንደ ደከመ ይመስለናል። የደከመው ግን የእኛ ትዕግሥት ነው። 300 ገጽ ያለውን በቀን 20 ገጽ ሒሳብ በ15 ቀን ማንበብ ይበቃል፤ ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ቢፈጥን አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ መዘግየት ነበረበት።

ከመክፈታችን በፊት የሚያዋጣ አንድ ሥራ አለ። የምናስታውሰውን ታሪክ መጽሐፉን ሳናይ ግማሽ ገጽ መጻፍ። ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው ሰዎችን አንድ የባዕድ ተረት አስነብቦ ደጋግመው እንዲተርኩት አድርጎ ነበር። ታሪኩ እያጠረ ሄደ፤ እንግዳ የሆነባቸውን ነገር ጣሉ፣ ቀሪውንም ከለመዱት ጋር አስማሙ። የእኛም ግማሽ ገጽ እንዲሁ ነው። ያላገቡትን እናጋባለን፤ የሞተውን ሰው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ አስገብተን እናናግራለን። ወረቀቱን ከመጽሐፉ ጋር ሲያስተያዩ የተጨመረውና የተጣለው ይለያል። የጣልነው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ንባብ ያልገባን ነው፤ በሁለተኛው ጊዜ መዘግየት የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ምልክት በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም የያዘ እስክሪብቶ ቀጣዩን ንባብ ያስራል፤ ያሰመርነው ጎልቶ ሌላው ይጠፋል። ያማረ ዓረፍተ ነገር ሥር ከማስመር ይልቅ ያልገባ ነገር ጎን የጥያቄ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል፤ ያማረውን ዓይን በራሱ ያገኘዋል። የተወደደውን ክፍል ብቻ ገልጦ ማንበብም ደስ ይላል፣ አልከለክልም። ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ያ ክፍል ይደርቃል፤ ያሳመረው ከፊቱ ያለው መቶ ገጽ ጥበቃ ነበርና።

ደጋግሞ የሚያነብ ሰው ስሕተትም ማግኘቱ አይቀርም። ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1887 ባሳተመው የመጀመሪያው የሼርሎክ ሆምስ ታሪክ የመርማሪው ጓደኛ ዶክተር ዋትሰን በጦርነት የቆሰለው ትከሻው ላይ ነው። በ1890 በወጣው ሁለተኛው ላይ ጥይቱ እግሩን መቶት ያመዋል። አንድ ጊዜ ያነበበ ይህን አያየውም። ሲመላለሱ የኖሩ አንባቢዎች ግን አይተው ደራሲውን ከመክሰስ ይልቅ ዋትሰንን ማከም ጀመሩ፤ ሁለት ጊዜ ቆስሎ ይሆናል ያለ አለ፣ አንዷ ጥይት በምን አቀማመጥ ሁለቱንም ልትመታ እንደምትችል ሊያስረዳ የሞከረም አለ።